ሦስት ጊዜ ያልጠየቃችሁት የማርዴል እንግዳ

ለክብርት ወይዘሮ ካሮላይን ፔምበርተን
የሰሜን ክንፍ የመንገደኞች ካርድ ድርጅት፣ የደንበኞች ደስታ ምክትል ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ግልባጭ፦ ለከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ አንባቢዎች

ሜይ 26

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የሚመች፣ ጉልበትዎም እንደኔ ጉልበት ደረጃ ባየ ቁጥር የማይንቀጠቀጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኦርቪል ክኑትሰን እባላለሁ። ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው። እዚህ ሰሜን ሚኒሶታ የብረት ማዕድን የሚጭኑ ባቡሮችን ፍሬን ሠላሳ ስምንት ዓመት ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ በቤታችን ደብዳቤ የምትጽፈው ባለቤቴ ማርዴል ነበረች፣ እሷም ባለፈው ፌብሩዋሪ አረፈች። ስለዚህ ፊደሉ ተንጋዶ ካገኙት ጥፋቱ የእጄ ነው፤ ነገሩ ተንጋዶ ካገኙት ግን የእናንተ ነው።

ጉዳዬ አጭር ነው። ማርዴል በሕይወት ሳለች በካርዳችሁ ዕቃ በገዛን ቁጥር በሚጠራቀመው ነጥብ ለሁለታችን የጁን 12 በረራ ይዛ ነበር፤ ከሚኒያፖሊስ ወደ ሲያትል፣ ከዚያም ወደ ተወለደችበት ወደ አላስካዋ ፒተርስበርግ። እሷ ባለካርድ፣ እኔ በነፃ የሚሄደው አብሮ ተጓዥ። አሁን በኑዛዜዋ መሠረት አስከሬኗ ተቃጥሎ፣ አመዷ እኔ ከጓሯችን የበርች ዛፍ በሠራሁት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከእናቷ ጎን እንድቀብራት አደራ ብላኛለች። እናንተ ደግሞ በረራውን ሰርዛችኋል። የምለምነው አንድ ወንበር ነው። የእሷን ወንበር ለሌላ ስጡት፤ እሷ ጭኔ ላይ ትሄዳለች።

ቀኑን ለምን አታዛውረውም እንዳይሉኝ ደግሞ ልንገርዎ። ታላቅ እህቷ አርዲስ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ቤተሰብ የቀረች እሷ ብቻ ናት። ቀብሩን ለጁን 14፣ ለቅዳሜ ቆርጣለች። በስልክ እንዲህ አለችኝ፦ «ኦርቪል፣ ሰኞ ለቀዶ ጥገና ወደ ጁኖ ይወስዱኛል። ሐኪሙ ስለ መሄዴ ሲያወራ ያየኛል፣ ስለ መመለሴ ሲያወራ መስኮቱን ነው የሚያየው። አንተ ብቻ እህቴን አምጣልኝ፣ ጉድጓዱን አስቆፍሬያለሁ።» በረራው መሰረዙን እስካሁን አልነገርኳትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የባቡር ፍሬን የነካ እጅ ስልኩን አንስቶ መደወል አቃተው።

የጋዜጣው አዘጋጅ ግሌን ቅሬታዬን በቁጥር እንዳስቀምጥ መክሮኛል፤ የተማሩ ሰዎች የሚያነቡት ቁጥር ሲያዩ ነው ይላል። እሺ ብያለሁ።

አንደኛ፣ ምስጋና። ሰው ከምስጋና ነው የሚጀምረው ትለኝ ነበር ማርዴል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ካርዳችሁን ተቀብላ ስትመጣ እኔ ጥሬ ገንዘብ በኪሴ ይዤ የምዞር ሰው ነበርኩና፣ «ይቺ ፕላስቲክ አንድ ቀን ቤታችንን ታሸጠናለች» አልኳት። እሷም፣ «አንተ ዝም ብለህ ፍሬንህን ጠግን፤ ይቺ ፕላስቲክ አንድ ቀን እናቴ መቃብር ድረስ ታደርሰናለች» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያለ ካርዱ የተገዛ ነገር የለም። የመኪናው ጎማ፣ የጣራው ምስማር፣ ለወፎቹ የምንበትነው እህል ሳይቀር ነጥብ ሆነ። በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ለሚደረገው የመኸር እራት ሥጋውንና ድንቹን በራሷ ካርድ ገዝታ፣ ከሴቶቹ መዋጮውን በቆርቆሮ ትሰበስባለች፤ ፓስተሩ ማዕዱን ሲባርክ ሌላው አሜን ይላል፣ እሷ በሆዷ ነጥብ ትደምራለች። እኔ የፊት ጥርስ ያስተከልኩ ቀን ከሐኪሙ ቤት ስንወጣ ክንዴን ይዛ፣ «ጥርስህ እስከ ሲያትል አደረሰን ኦርቪል፤ አሁን የቀረን ባሕሩ ብቻ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ክብርት ሆይ፣ ዳቦዬን በነከስኩ ቁጥር የእናንተ ድርጅት ትዝ እንዲለኝ ስላደረጋችሁ አመሰግናለሁ።

በአየር ማረፊያው ለባለካርዶች ያዘጋጃችሁትን ማረፊያ ክፍል፣ ላውንጃችሁንም፣ አይቼዋለሁ። የአክስቷ ልጅ ፊኒክስ ላይ ሲያገባ፣ ወደዚያ ስንበር ሚኒያፖሊስ ላይ አንድ ጊዜ ገብተናል። በሩ ላይ ካርዷን ዘርግታ፣ በሰንበት ካፖርቷ ቀጥ ብላ ቆማ፣ «ይሄ እንግዳዬ ነው» አለቻቸው። ሃምሳ ስምንት ዓመት አብሬያት ስኖር የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው፤ እዚያ በር ላይ ግን ማን የማን እንግዳ እንደሆነ ገባኝ። ውስጥ ገብተን ያንን ለስላሳ ወንበር ይዘን ተቀመጥን። እሷ አይቡንና ብስኩቱን በናፕኪን እየጠቀለለች ቦርሳዋን ሞላች፤ «ምነው፣ አናፍርም እንዴ?» ብላት፣ «የከፈልኩበት ነው፣ አንተ ብላ» አለችኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን በሰው ፊት ኮርቼ ተቀምጬ አላውቅም። ለዚያ ቀን የማቀርበው ምስጋና ምንም መርዝ የለበትም፤ ከዚህ በታች ያለው ግን አለበት።

ሁለተኛ፣ የስልኩ ነገር። ማርዴልን ከሸኘን በኋላ፣ የሞተን ሰው ካርድ ይዞ መዞር ነውር ነው ብዬ ወደ እናንተ ደወልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ጎረቤቴ ቬርን ላሕቲ፣ የሟች ሚስቱን የመደብር ካርድ አራት ዓመት ሙሉ ያለ ሐሳብ የተጠቀመበት ሰው፣ ይህን ሲሰማ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ጥሎ፣ «አንተ ጅል፣ ሞታለች ተብሎ የሚነገረው ለእግዚአብሔርና ለቀባሪ ነው እንጂ ለካርድ ድርጅት ነው?» ብሎኛል። እኔ ግን የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ደወልኩ። ሃምሳ ደቂቃ እያስጠበቃችሁ ዋሽንት ካሰማችሁኝ በኋላ አንዲት ትሁት ሴት አነሳች። ነገርኳት። አዘነችልኝ፤ ሐዘኗም ከፊቷ ካለው ወረቀት የተነበበ ቢሆን እንኳ በጥሩ ድምፅ ተነቧል። ከዚያ፣ «የባለቤትዎ ነጥቦችና የተያዘው ጉዞ ወደ እርስዎ ስም እንዲዛወርልዎ ይፈልጋሉ ጌታዬ?» አለችኝ።

እኔም፣ «ኧረ ተዪው፣ በኔ የተነሳ አትቸገሪ» አልኳት።

እሷም፣ «እሺ ጌታዬ፤ ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» አለችኝ።

ክብርት ሆይ፣ ድርጅታችሁ ያለበትን ከተማ ልማድ አላውቅም። እዚህ እኛ ዘንድ ግን ሰው አንድ ነገር ሲሰጥህ መጀመሪያ «ኧረ ተወው» ትላለህ፤ ሲደግምልህ «አትቸገር» ትላለህ፤ ሲሠልስልህ «እንግዲያው ትንሽ ብቻ» ብለህ ትቀበላለህ። በመጀመሪያው የሚቀበል ስግብግብ ነው፣ በሁለተኛው የሚቀበል ርቦት የመጣ ነው፣ ሦስት ጊዜ የማይጠይቅ ደግሞ ከመጀመሪያውም መስጠት ያልፈለገ ነው። ማርዴልን ራሷን እንድታገባኝ ሦስት ጊዜ ነው የጠየቅኳት። ሁለቴ «ሂድ ወዲያ፣ ተወኝ» ብላኛለች፤ በሁለተኛው ላይ እንደ ሠራተኛችሁ «እሺ፣ ሌላ የምረዳሽ ነገር አለ?» ብዬ ብመለስ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው አይኖርም ነበር። እናም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ። ዝም ብላ ጠበቀች፣ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ መልካም ቀን ተመኝታልኝ ዘጋችው። የአሥራ አንድ ዓመት ነጥብ፣ የጣራዬ ምስማር፣ የወፎቹ እህል፣ ጥርሴ፣ ሁሉም በዚያች አንዲት «ተዪው» አለቀ።

ጥሪው ለአገልግሎት ጥራት ሲባል እንደሚቀዳ መጀመሪያ ላይ ነግራችሁኛል። ስለ ጥራቱ የሚያስብ ሰው ካላችሁ ያንን ቅጂ ደግሞ ያዳምጠው። ያንን ዝምታዬን ሰምቶ «ይህ ሽማግሌ አልፈልግም እያለ ነው» የሚል ሰው ካለ፣ ጆሮውን ሳይሆን ያሳደጉትን ሰዎች ነው የምጠረጥረው።

ስህተቱ እንዲታረም ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። መልሱ በእርስዎ ውብ ሰማያዊ ፊርማ መጣልኝ፤ ፊርማው በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ስለነበር እጅዎ እንዴት ያለ የማይዝል እጅ ነው ብዬ አድንቄያለሁ። «ዝውውሩ ቀርቦልዎ በገዛ ፈቃድዎ አልተቀበሉም፤ ሒሳቡ ላይከፈት ተዘግቷል፤ ዋናዋ ተጓዥ ስለሌሉ የአብሮ ተጓዡ ትኬት አብሮ ተሰርዟል» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆናችሁ ለመለየት ትምህርቴ አይፈቅድልኝም።

ሦስተኛ፣ ላውንጁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ በስልክ ሰው ባጣሁ ጊዜ የድርጅታችሁ ሰው በአካል የሚገኝበት ቦታ የት ነው ብዬ ሳስብ ያ በር ትዝ አለኝ። ቬርን በመኪናው ሦስት ሰዓት ተኩል ነድቶ ሚኒያፖሊስ አደረሰኝ፤ መንገዱን ሁሉ «ደውል ያለህ ማን ነው?» እያለ ነበር የነዳው። አየር ማረፊያው ለሸኚ የሚሰጠውን የአንድ ቀን መግቢያ ይዤ፣ የሰንበት ኮቴን ለብሼ፣ ማርዴልን በቦርሳ ይዤ ሄድኩ። ፈታሹ ሣጥኑን በማሽኑ ውስጥ አይቶ፣ «አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲለኝ፣ «ባለቤቴ ናት» አልኩት። ጓንቱን አወለቀና ሣጥኑን በሁለት እጁ መልሶ ሰጠኝ። መንግሥት የቀጠረው ሰው ነው እንግዲህ፤ የደንበኞች ደስታ የሚባል ክፍል የለውም።

በራችሁ ላይ አንዲት ወጣት ቆማ ነበር። ካርዱን ሰጠኋት፤ ማሽኑ ቀይ አበራ። ደግማ ሞከረች፣ ቀይ። ጠርጋ ሠለሰች፣ ቀይ። «አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት፤ ዋናዋ ባለካርድ አብረው ካልተገኙ እንግዳ ለብቻው አይገባም» አለችኝ።

«ተገኝታለች» አልኩና ሣጥኑን ከፊቷ አኖርኩት። በጋለ ብረት የጻፍኩት ስሟ ክዳኑ ላይ አለ። ልጅቷ ስሙን አነበበች፣ ካርዱ ላይ ያለውን ስም አነበበች፣ ከዚያ ጣቷን ማሽኑ ላይ አድርጋ ቆመች። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ሰው ሰዓቱን እያየ ጉሮሮውን ጠራረገ። ነገሩ ሁሉ እንግዳ ያለ ጋባዡ አይገባም ከሆነ፣ እኔ ያለ ጋባዤ የመጣሁ ሰው አይደለሁም፤ ስለ በረራዬ የሚያናግረኝ አለቃ ካለ አሥር ደቂቃ ብቻ ልግባ አልኳት። አለቃዋ ጋ ደውላ ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል። «አይሆንም አሉኝ» አለች።

ሣጥኔን አንስቼ ኮሪደሩ ላይ ካለው የብረት ወንበር ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይታ ያቺው ልጅ መጣች።

«ሾርባ ላምጣልዎ?» አለችኝ።

«ኧረ ተዪው ልጄ።»

«አሁን ነው የወጣው፣ የዱር ሩዝ ያለበት ነው።»

«አትቸገሪ፣ ሥራ ይዘሻል።»

«ካልበሉ እኔም እዚያ በር ላይ ቆሜ አላርፍም።»

«እንግዲያው ትንሽ ብቻ» አልኳት። ስትመለስ፣ «የየት ልጅ ነሽ?» ብላት፣ «የሮዞ» አለችኝ፤ ከኛም በላይ በሰሜን ያለች ከተማ ናት። ሳልጠይቃትም ገብቶኝ ነበር። ከሾርባው ጋር ሁለት ብስኩትና አይብ በናፕኪን ጠቅልላ አምጥታ፣ ሣጥኑን እያየች፣ «ይሄ ደግሞ ለእሳቸው» አለች። ስለ ማርዴል ቦርሳ አንድም ቃል አልነገርኳትም ነበር። ያንን ናፕኪን እስካሁን አልፈታሁትም።

ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ደስታን የምትቆጣጠሩ ሰዎች ስለሆናችሁ ትቀጧታላችሁ ብዬ እፈራለሁ። ሾርባው ከበሩ ውጭ እንደተበላ፣ እግሬም ምንጣፋችሁን እንዳልረገጠ በመሐላ አረጋግጣለሁ። ሁለቱን ብስኩት ግን ከሟች ሒሳብ ላይ ልትቀንሱ ትችላላችሁ፤ ባዶ ላይ መቀነስ ታውቁበታላችሁ።

አራተኛው ስለ ልጄ ስለሆነ እናንተን አይመለከትም፤ ቢሆንም ቁጥሩን ጽፌዋለሁና ልጨርሰው። ለምን ልጅህ ትኬት አይገዛልህም የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የኔ ያለኝ ገንዘብ ለስንብት ሥርዓቱና ጃንዩዋሪ ላይ ለተሰነጠቀው የቤት ማሞቂያ ሄዷል። ፒተርስበርግ ደሴት ላይ ስለሆነች በመኪና የሚደረስባት መንገድ የለም፤ መርከቡም እስከ ጁላይ ሞልቷል አሉኝ። ልጄ ዴል ሂውስተን ነው የሚኖረው፣ ጥሩ ልጅ ነው። ደውሎ፣ «አባዬ፣ ትኬቱን እኔ ልግዛው» አለኝ፤ «ተወው፣ ልጆች አሉህ» አልኩት። «እውነቴን ነው አባዬ፣ ምንም አይደል» አለኝ፤ «አትቸገር» አልኩት። ከዚያ ስለ አየሩ ጠየቀኝ። በዚህ ቤት ያደገ ልጅ ነው፣ ግን ሂውስተን ከገባ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛውን እዚያ አስረስተውታል። እኔ ደግሞ መልሼ ደውዬ «ያልከኝን አሁን ተቀበልኩ» ልለው አልችልም። አባቱ ነኝ። ይህችን ጋዜጣ ግን በፖስታ እንልክለታለን፤ እሱም የሚያነበው የዓሣ ማጥመድ ገጹን ብቻ ነው። ስለዚህ ግሌንን ይህ ደብዳቤ ከዓሣው ገጽ ጎን እንዲታተም ለምኜዋለሁ።

አምስተኛ የለኝም። ከዚህ በኋላ ያለው ቅሬታ አይደለም።

ክብርት ሆይ፣ እኔ በዕድሜዬ ለምኜ አላውቅም። ማዕድን ቤቱ ሲዘጋ አልለመንኩም፤ ጀርባዬ ሲሰበር አልለመንኩም። ለጁን 12 ግን አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶታል፤ ሣጥኑ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ከሬዲዮው ጎን ነው፤ አርዲስ በየሁለት ቀኑ እየደወለች «ሻንጣህን አዘጋጀህ?» ትለኛለች፣ እኔም አዎ እላታለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሻንጣው ከማርች ጀምሮ በሩ ሥር ተዘጋጅቶ ቆሟል። ማርዴል ካለፈች ወዲህ ከገባሁላት ቃል የቀረኝ ይህ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም በትሕትናዬ አበላሸሁት። ሌላ ሰው ቢያበላሸው ኖሮ መቆጣት እችል ነበር፤ አሁን የምቆጣው ማንን ነው?

እንግዲህ ያንን ቅጂ የሚያዳምጠው ሰው፣ ሠራተኛችሁ «እንዲዛወርልዎ ይፈልጋሉ?» ስትል ሲሰማ እዚያው ላይ ያቁመውና ይህን መልስ ይጨምርበት፦ አዎ። እፈልጋለሁ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳልጠብቅ፣ ስግብግብ ብትሉኝ ስግብግብ፣ ርቦት የመጣ ብትሉኝ ርቦኝ የመጣሁ፣ አዎ ብያለሁ። ይህች «አዎ» በሰማንያ ሦስት ዓመቴ በመጀመሪያ ጥያቄ ያልኳት ብቸኛዋ ናት። ዋጋዋን የሚያውቁትን እዚህ ያሉትን የጋዜጣውን አንባቢዎች ይጠይቁ፤ ባፈርኩት እፍረት መጠን ነጥብ የምትሰጡ ብትሆኑ ኖሮ እስከ አላስካ አሥር ጊዜ ደርሼ በተመለስኩ ነበር።

ለሰጣችሁኝ ትዕግሥት፣ ላሰማችሁኝ ዋሽንት፣ የባለቤቴን ሞት በነገርኳችሁ በአንድ ቀን ደንበኛ አለመሆኗን ለመማር ላሳያችሁት ቅልጥፍና፣ ከዚህም ሁሉ በላይ ለብረት ወንበራችሁ ጥንካሬ ከልብ አመሰግናለሁ። ፊርማዎ አይደብዝዝ፤ ማሽኖቻችሁ ሁልጊዜ አረንጓዴ ያብሩላችሁ፤ እርስዎም አንድ ቀን ወደሚወዱት ሰው መድረስ ሲያስፈልግዎ በሩ ላይ የሮዞ ልጅ ይግጠምዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ኦርቪል ክኑትሰን
ጡረተኛ ፍሬን ጠጋኝ
የማርዴል ክኑትሰን እንግዳ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ፖስተኛው የድርጅታችሁን ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። «ውድ ማርዴል፣ ናፍቀሽናል» ይላል፤ በእርስዎ ሰማያዊ ፊርማ። አዲስ ካርድ እንድታወጣ፣ ከአንድ እንግዳ ጋር በነፃ እንድትበር ትጋብዟታላችሁ። እኔን አንዴ የጠየቃችሁ ሰዎች የሞተችውን ደግማችሁ መጠየቃችሁን ሳይ ልማዳችንን ጨርሶ እንደማታጡት ገባኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀራችኋል። ቅጹን ሞልቼላታለሁ፣ ከዚህ ጋር አባሪ ነው። ስም፣ ማርዴል ክኑትሰን። ሥራ፣ ዕረፍት ላይ። እንግዳ፣ ኦርቪል ክኑትሰን፣ አሁንም። ከጁን 14 በኋላ የምትኖርበት አድራሻ የሚለውን ግን ባዶ ትቼዋለሁ፤ እሱን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።